ፍሪጁ ላይ የተቀመጠው ሰዓት

ከመካከላችን አንዱ ለዘፈን ሲል ጥርሱን አስወልቋል። ቀልድ አይደለም። በጠራራ ፀሐይ ባሕር ዳር ፋሲሎ ሰፈር ወዳለ የባጃጅ ተራ ሄዶ የሾፌሮቹን እናት ሰደበ። ሦስት ሆነው ወረዱበት። አንዱ አፉን በቡጢ አለው፤ ሌላው ወገቡን በእርግጫ መታው፤ ሦስተኛው በሸሚዙ ኮሌታ ጎትቶ የጎርፍ ቦይ ውስጥ ጣለው። በሳምንቱ ቅዳሜ ከሰዓት ሐይቁ ዳር ዋርካው ሥር ስንገናኝ ከንፈሩ አብጦ፣ የፊት ጥርሱ ወልቆ፣ በደስታ እየፈነደቀ መጣ።

«አገኘሁ!» አለን። «አሁን የምጽፈው አለኝ።»

ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ዛሬ ሳስበው ግን ከእሱ የባስኩት እኔ ነኝ። እሱ ቢያንስ ያስመታው የራሱን አፍ ነው።

አራት ነበርን። ጊታር የምንነካካ፣ ስልካችን ላይ ግጥም የምንጽፍ፣ ሃያ ዓመት ገና የሞላን ልጆች። አራታችንም የአንዲት ዘፋኝ ምርኮኞች ነበርን። አገር ያወቃት ናት፤ እኛ ግን በስሟ አንጠራትም ነበር። «እሷ» ካልን እሷ ናት።

መጀመሪያ የሰማኋት ከዘጌ ስንመለስ ጀልባ ላይ ነው። ጀልባ ነጂው ስልኩን ከፍቶ አስቀመጠው፤ አንዲት ሴት ስለ አንድ እግሩ የተሰበረ የፕላስቲክ ወንበር ትዘፍናለች። ወንበሩ እንዴት እንደተሰበረ፣ በማን ጀርባ ላይ እንደተሰበረ፣ የሰበረው ሰው ከዚያ በኋላ ቁጭ ብሎ ምን እንደበላ። ዓይን የለ፣ አንገት የለ፣ ጨረቃ የለ። አጠገቤ ሎሚ በዘንቢል ይዛ የተቀመጠች ሴት ዘፈኑ ሲያልቅ፣ «ይኸን ሰውዬ አሁን ባገኘው ከዚህ ሐይቅ ነበር የምከተው!» አለች። ከምሯ ነበር። ዘፈን ሰውን እንዲህ ሊያስቆጣ እንደሚችል ያን ቀን አወቅኩ፤ እኔም እንደዚያ መጻፍ አለብኝ አልኩ።

አጻጻፏን ሌት ተቀን አጠናነው። የመጀመሪያ ስንኟ ሁልጊዜ አንድ የቤት ዕቃ ነው። ቀጥላ ከዕቃው አጠገብ የነበረውን ሰው «አንተ» ብላ ፊት ለፊት ታናግረዋለች። እንደ ወሬ ነው የምታወራው፤ ቃላቱን አታስጌጥም። አዝማቹ ደግሞ ከሰው አፍ በእውነት የወጣ ንግግር ነው፤ እንዳለ፣ አንድ ቃል ሳይነካ። የምትዘፍነው ሁሉ በራሷ ላይ የደረሰ እንደሆነ ይወራል፤ እኛም እናምን ነበር።

ችግሩ እኛ ቁስል አልነበረንም። አንዷ ጓደኛችን አባቷ ኮሌጅ ያስተምራል፤ በሕይወቷ የመታት ነገር ቢኖር ዝናብ ነው፤ እሷም ከቤት ስለመባረር ጻፈች። ሌላው የሞተ ወንድም ፈጠረ። ጥርሱን ያስወለቀው ቢያንስ ሠርቶበታል። ማንም የሚያምነን አልነበረም። ዘፋኟ የራሷን ቁስል ነው የምታወጣው፤ እኛ የወሰድነው አወጣጡን ብቻ ነበር።

የኔ አባት በልጅነቱ ከጅማ መጥቶ እዚህ ፋብሪካ የገባ ቴክኒሻን ነው። ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው። እናቴ ቀድማ ስላረፈች ያሳደገችኝ በዘጠኝ ዓመት የምትበልጠኝ እህቴ ናት። «እታለም» እላታለሁ። የእህል መኪና ሹፌር አግብታ እዚሁ ከተማ ውስጥ፣ ከኛ ቤት የሃያ ደቂቃ መንገድ ርቃ ትኖር ነበር። ባሏን ሁሉም ይወደው ነበር። እኔም እወደው ነበር። ከቆላ ድባ ሲመለስ ሽምብራ እሸት ያመጣልኛል፣ ጊታሬን የገዛልኝም እሱ ነው። ይኸን ስጽፍ አሁንም እጄን ያሳክከኛል።

አንድ እሑድ ቀትር ላይ ፀጉሯን ልሠራላት ሄድኩ። እሱ መንገድ ላይ ነበር። ማበጠሪያው ከጆሮዋ በላይ ሲደርስ ጮኸች። ፀጉሯን ገለጥ ሳደርግ ጣቴን የሚያህል የደረቀ ደም አየሁ፤ ከሥሩ አሮጌ ጠባሳ፣ ከጎኑ ሌላ ጠባሳ።

ብዙ ከዋሸችኝ በኋላ ተናገረች። ጀርባዋን እንደሰጠችኝ ነበር የምታወራው፤ ፊቷን አላየሁም።

«መጀመሪያ ሰዓቱን ይፈታል» አለች። «አባዬ ለሠርጉ የሰጠውን። እንዳይሰበርበት ፍሪጁ ላይ ያኖረዋል። ሰዓቱን ሲፈታ ሳይ ጭንቅላቴን በክንዴ እሸፍናለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ቴሌቪዥኑ ላይ የኳሱን ጨዋታ ድምፅ ከፍ ያደርገዋል፣ ጎረቤት እንዳይሰማ። በቀበቶ፣ በጫማ፣ በእጁ፣ ያገኘውን። ሲጨርስ፣ ‹ተነሽ፣ ሰው ይመጣል› ይለኛል።»

«የሚመጣ ሰው አለ?»

«የለም» አለች። «አንድ ቀንም መጥቶ የሚያውቅ ሰው የለም።»

የሽንኩርት ቢላዋውን አንሥቼ ወጣሁ። የት እንደምሄድ አላውቅም፤ ሰውዬው ወረታ ይሁን ቆላ ድባ አላውቅም። በሩ ላይ ደርሳ ክንዴን ጠምዝዛ ቢላዋውን ወሰደችብኝ። ባለፈው ዓመት እኔ ቤት ሳልኖር ዓይኗ አብጦ ወደ አባታችን እንደሄደች፣ አባታችንም እንባውን እያፈሰሰ በገዛ እጁ ይዞ እንደመለሳት ያን ጊዜ ነገረችኝ።

«ለማንም እንዳትናገሪ። ቢሰማ ይገድለኛል። ማርያምን በይ።»

«ማርያምን» አልኳት።

ወደ ቤት ስመለስ በሐይቁ ዳር ነበር የሄድኩት። ጥርሴን ነክሻለሁ፣ ሰውዬውን በልቤ አሥር ጊዜ ገድየዋለሁ። ቤቴ ሳልደርስ ግን የመጀመሪያው ስንኝ መጣልኝ። «ሰዓትህን ፈታህ፣ ፍሪጁ ላይ አኖርህ።» ዕቃው አለ። «አንተ» አለ። አዝማቹም ተዘጋጅቶ ተቀምጧል፤ «ተነሽ፣ ሰው ይመጣል»። የእህቴን ደም ከጣቴ ላይ ሳልታጠበው ደስ አለኝ። ይኸን ደስታ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ጎረቤታችን የነበሩ አንድ ሽማግሌ በጉልበታቸው ዘመን ሠርግ ቤት ማሲንቆ ይመቱ ነበር። ዘፈኑን መጀመሪያ ያሰማሁት ለእሳቸው ነው። በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«አንች ልጅ» አሉኝ፣ «ይኸን ስንኝ ማን ሰጠሽ?»

«ራሴ ጻፍሁት፣ አባባ።»

«መጻፍሽንማ አየሁ። ማን ሰጠሽ ነው የምልሽ።»

ድግስ ላይ እንግዳው ብድግ ብሎ «ተቀበል!» ይላል፤ ስንኙን ይሰጣል፤ አዝማሪው ቃሉን ሳይለውጥ ተቀብሎ ያዜመዋል። ሙገሳም ይሁን ዘለፋ ቃሉ የሰጪው ነው። የሚቆጣ ሰው ካለም የሚቆጣው በሰጪው ላይ ነው። ባሕር ዳር ተወልጄ ይኸን መቶ ጊዜ አይቻለሁ፤ እኔን የሚመለከተኝ ግን አይመስለኝም ነበር።

«በሰው ድግስ ስንቱን ስሰድብ ኖርሁ» አሉኝ። «ዱላ ተነሥቷል፣ ቢላዋ ተመዟል። በኔ ላይ ግን ማንም እጁን አላነሣም። ቃሉ የኔ አልነበረማ። አንች ግን ‹መታኸኝ› ትያለሽ። የተመታሽው አንች ነሽ?»

«አይደለሁም።»

«ታዲያ ባለቤቲቱ ተቀበይ አለችሽ?»

«ይኸ የድሮ ነገር ነው አባባ፤ አሁን እንዲህ አይደለም የሚዘፈነው» ብያቸው የግቢያቸውን በር አላትሜ ወጣሁ።

ሐይቁ ዳር በቀን የወጣቶች መድረክ ሲዘጋጅ ዘፈንኩት። ሁለተኛው አዝማች ላይ ስደርስ ሴቶች መጮህ ጀመሩ። ጭብጨባ አልነበረም፣ ጩኸት ነበር። አንዷ ጫማዋን አውልቃ ወደ ሰማይ አነሣችው። ስንቱ በስልኩ እንደቀረጸኝ እግዚአብሔር ይወቀው፤ በሳምንት ውስጥ ዘፈኑ ከስልክ ስልክ ሲዞር ከተማውን አልፎ ወጣ። አንድ ሬዲዮ ጠርቶኝ ጋዜጠኛዋ፣ «በራስሽ ላይ የደረሰ ነው?» ስትለኝ፣ «አዎ» አልኩ። «የቀድሞ የወንድ ጓደኛዬ ነው።» ይኸን ያልኩት እህቴን ለመሸሸግ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። እውነቱን ለመናገር፣ የሰው ቁስል ነው ብል እንደነዚያ ጓደኞቼ ውሸታም እንዳልባል ፈርቼ ነው።

እህቴ ዘፈኑን አልሰማችም ነበር። ባሏ ግን ሰማ። ከቆላ ድባ ሽምብራ ጭኖ ሲመለስ ወረታ ላይ ጎማው ፈነዳ። ጎሚስታው ጎማውን እስኪለጥፍ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ የጎሚስታው ስልክ ይዘፍናል። ሦስት ጊዜ ሰማው። ይኸን ሁሉ እየመታ ሲነግራት ጎረቤት ሰምቷል።

ያን ቀን ሰዓቱን አልፈታም።

ኳሱንም አልከፈተም። ከቀትር በኋላ ነበር፤ የመንደሩ ሰው ሁሉ ደጅ ነው። ፀጉሯን ጠቅልሎ ይዞ ፊቷን ከፍሪጁ በር ጋር አላተመው። «ዝፈኝ!» ይላታል። «እህትሽ እንደዘፈነችው ዝፈኝ!» ምን እንደሚላት አታውቅም። ስለ ምን ዘፈን እንደሚያወራ አታውቅም። ሰዓት ባሰረው እጁ መንጋጋዋን መታት፤ ደገመ፤ የሰዓቱ መስታወት ጉንጯ ላይ እስኪደቅ ድረስ መታ። ጎረቤቶች በሩን በመጥረቢያ ፈልጠው ሲገቡ መሬት ላይ ነበረች፣ እሱ ውኃ እየጠጣ ነበር።

ሐኪሙ የመስታወት ስብርባሪውን ከጉንጯ በወረንጦ ሲለቅም ትሪውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ጠብ ባለ ቁጥር ትሪው ይጮሃል። መንጋጋዋ ሁለት ቦታ ተሰብሯል፤ ላይና ታች ጥርሷን በሽቦ አሰሩት። ከሆስፒታሉ ወጥቼ በቀጥታ የባሏ መኪና ወደቆመበት ሄድኩ፤ ሁለት እጅ የሚሞላ ድንጋይ አንሥቼ የፊት መስታወቱን አደቀቅኩት። መብራቶቹንም። ክንዴ ሲደማ እንኳ አላቆምኩም። ሰው ከቦ ይቀርጸኛል። ጥርሱ የወለቀው ጓደኛዬ ከሰው መሐል መጣና ትከሻዬን ይዞ፣ «ይኸ እኮ ዘፈን ነው» አለኝ። በጥፊ አጮልኩት። ወደቀ። ጨምሬ በእግሬ መታሁት። ከዚያ ወዲህ ተነጋግረን አናውቅም።

ሰውዬው ታስሮ በዋስ ወጣ። እህቴ ወደኛ ቤት መጣች። አጥሚት አቅጥኜ በስትሮ የማጠጣት እኔ ነበርኩ። የታሰረ አፍ ሲናገር እንደ ጉርምርምታ ነው የሚሰማው፤ ሐኪሙም አባቴም አይረዷትም። እኔ ግን ቀን ከቀን ለመድኩት፣ በኋላ ሁሉን እሰማት ጀመር። ውኃ ትለኛለች፣ ትራስ ትለኛለች። ስለ ዘፈኑ አንድ ቃል አልተናገረችኝም። ይቅርታ ልላት አፌን በከፈትኩ ቁጥር ዓይኗን ትጨፍናለች። ብትመታኝ በወደድኩ ነበር።

በሁለተኛው ወር ሽማግሌ ተላከ። የሚፈልጉት ግልጽ ነው፤ ክሱ ይቅር፣ ሚስቱ ትመለስ። አባቴም ልቡ ማመንታት ጀምሮ ነበር። «እስቲ እንስማቸው» ይለኛል፤ እኔ ድስት እወረውራለሁ። እታለም ብትመለስ ሁለተኛ እንደማትወጣ እኔም አውቃለሁ፣ እሷም ታውቃለች።

የመጡት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው። ጠዋት እህቴ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ አጥሚቷን ስትጠጣ አባቴ በር ላይ ብቅ አለ።

«ተነሽ የኔ ልጅ» አላት በለሆሳስ። «ሰው ይመጣል።»

ብርጭቆው ከእጇ ወደቀ። ክንዶቿን ጭንቅላቷ ላይ አድርጋ ከግድግዳው ጋር ተጣበቀች። አባቴ እንደማንኛውም ሰው ዘፈኑን ሰምቶታል። ምን እንዳለ ሲገባው በሩን ይዞ ቆመ፣ ከዚያ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለ። ስብርባሪውን እኔ ለቀምኩት።

ሦስት ነበሩ። የባሏ የነፍስ አባት የሆኑ ቄስ፣ አጎቱ፣ አንድ የአባቴ የሥራ ባልደረባ። ባሏ ራሱም መጥቶ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። አዲስ ሰዓት አስሯል። ቄሱ መስቀላቸውን አሳልመውን፣ በጸሎት ጀምረው፣ ነገሩን አወጡት። እሳቸው እንዳሉት፣ ሴትዮዋ ፍሪጁ ላይ ያለ ዕቃ ልታወርድ ወንበር ላይ ወጥታ ወደቀች። ባልየው ሊያነሣት ሲል ጎረቤት ደርሶ ነገሩን ሌላ መልክ ሰጠው።

«ውሸት ነው!» ብዬ ተነሣሁ። «ሲመታት ነው የኖረው! ሰዓቱን ፈትቶ ፍሪጁ ላይ አስቀምጦ ነው የሚመታት፤ ራሷ ነግራኛለች!»

አጎትየው አልተቆጡም። ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡና የሬዲዮውን ቃለ መጠይቅ ከፈቱት። የገዛ ድምፄ ቤቱን ሞላው። አዎ፣ የቀድሞ የወንድ ጓደኛዬ ነው፣ በራሴ ላይ የደረሰ ነው፤ ሰዓቱን እንዲህ ሲፈታ በዓይኔ እያየሁ።

«የትኛውን እንመን፣ ልጄ?» አሉኝ። «ያን ጊዜ ዋሽተሻል ወይስ አሁን ነው የምትዋሽው?»

ሰውዬው አንገቱን ደፍቶ ነበር፤ ከንፈሩ ግን ፈገግ ሲል አየሁት። ጉሮሮውን ባንቀው ምኞቴ ነበር። እህቴ ልትሄድ ነው፣ የምትሄደውም በኔ ድምፅ ነው።

ያን ጊዜ እታለም ክርኔን ይዛ ወደ ታች ሳበችኝና አስቀመጠችኝ። ከታሰረው ጥርሷ መሐል ተናገረች። ሽማግሌዎቹ ተያዩ።

«ምን አለች?» አሉ ቄሱ።

«ከወንበር አልወደቀችም ትላለች» አልኩ።

ጉልበቴን በቡጢ መታችኝ፣ አይደለም ብላ ራሷን ወዘወዘች፣ ደግማ ተናገረችው። ገባኝ። ስለ እሷ እንዳወራ አይደለም የፈለገችው። የሰጠችኝን ቃል እንዳለ እንድቀበል ነው።

«ከወንበር አልወደቅሁም» አልኩ።

ራሷን በእሺታ ነቀነቀችልኝና ቀጠለች። እሷ ታጉረመርማለች፣ እኔ እቀበላለሁ። «ሰባት ዓመት መታኝ። አባቴ የሰጠውን ሰዓት እየፈታ መታኝ። መጨረሻውን ቀን ሳይፈታ መታኝ፤ መስታወቱ ከጉንጬ ወጥቷል፣ ሐኪሙ ምስክር ነው። ዘፈኑን ያን ቀን አልሰማሁትም ነበር። ዝፈኝ እያለ ነው መንጋጋዬን የሰበረው። ከዚህ ቤት አልወጣም፤ ይዘውኝ ቢሄዱ ሬሳዬን ነው የምትቀበሉት።»

ባሏ ጠረጴዛውን ገፍትሮ ተነሣ፣ እጁን አነሣ፤ በቄሱ ፊት፣ በሁሉም ፊት። አጎቱ ክንዱ ላይ ተጠመጠሙ። ከዚህ በኋላ ማንም የሚጠይቀው አልነበረም። አባቴ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቀው አባቴ፣ «ውጣ ከቤቴ!» ብሎ ጮኸ፤ በሩን ከፍቶ ቆመ። ቄሱ መስቀላቸውን ሰበሰቡ።

ያለቀ መስሎኝ ልነሣ ስል ክርኔን አልለቀቀችም። ገና አልጨረሰችም። ሽማግሌዎቹ በሩ ላይ ሆነው ዞር አሉ፣ አባቴም ዞረ። ዓይኗን ዓይኔ ላይ አድርጋ ቀስ ብላ፣ እንዳይጠፋኝ አድርጋ፣ ቃል በቃል ተናገረች። ሰማኋት።

«ምን አለች?» አለ አባቴ።

እሷ ትጠብቀኛለች።

«ለማንም እንዳትናገሪ ብዬ ማርያምን አስብያት ነበር» አልኩ። «መንጋጋዬን የሰበረው እሱ ነው። ከዚያ በፊት ግን አፌን የወሰደችብኝ እህቴ ናት።»

በጣቷ ጉልበቴን ነካችኝ። ድገሚው ማለቷ ነው። ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩት።